ተመልሰው የሚመጡበት ዝግጅት፦ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች የድጋፍ ፕሮግራም አዘገጃጀት

አንድ የክፍላችን ልጅ ነበር። ኮርሱን ጨርሶ የመመረቂያ ጽሑፉ (ቴሲሱ) ላይ ከገባ በኋላ በዲፓርትመንቱ ኮሪደር ማለፍ ተወ። ዞሮ በኋላ በር ይገባል። ምክንያቱን የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው። «ያገኘኝ ሰው ሁሉ ቴሲስህ የት ደረሰ ይለኛል፤ የምመልሰው የለኝም» አለኝ።

ያን ጊዜ እኔም ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዝግጅት ከሚያሰናዱት አንዱ ነበርኩ። ትልቅ አዳራሽ እናስፈቅዳለን፣ ባነር እናሰቅላለን፣ ሦስት ተናጋሪ እንጋብዛለን። እሱ አንዱም ላይ አልመጣም። እኛ ግን የምንለፋው ለእንደሱ ዓይነቱ ተማሪ ነው ብለን ነበር።

ኋላ አካሄዳችንን ቀየርን። ትንሽ ዝግጅት፣ በየሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። በአራተኛውም መጣ። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ለመድረስ የሄድንበት መንገድ ነው። በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ለምትሠሩ፣ ለዲፓርትመንት አስተባባሪዎች፣ ወይም ማንም ሳያዛችሁ «እስቲ አንድ ነገር እንሞክር» ላላችሁ ይሆናል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ክፍል አለው፣ ፈተና አለው፣ አብሮት የሚያጠና ጓደኛ አለው። ድኅረ ምረቃ ላይ ኮርስ ሲያልቅ ይሄ ሁሉ ባንዴ ይጠፋል። ርእሱ የብቻ ነው፤ ቀነ ገደቡም የብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቸር ባዮቴክኖሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ26 አገሮች 2,279 ሰዎችን ጠይቆ ነበር፤ አብዛኞቹ የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው። 41 በመቶዎቹ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የጭንቀት ምልክት፣ 39 በመቶዎቹ ደግሞ በዚያው ደረጃ የድብርት ምልክት ታይቶባቸዋል። መልስ የሰጡት በገዛ ፈቃዳቸው ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለሁሉም ተማሪ መስጠት አይገባም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና በቤልጂየም ፍላንደርስ 3,659 የፒኤችዲ ተማሪዎችን ያካተተው ጥናትም ከሦስት ተማሪ አንዱ ለአእምሮ ጤና ችግር የተጋለጠ መሆኑን አግኝቷል። እንግዲህ የምናዘጋጀው ነገር ለጌጥ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ከማቀዳችሁ በፊት ጠይቁ

አሥር ሰው በቂ ነው። ግን አሥሩም ጓደኞቻችሁ እንዳይሆኑ። ገና የገባ፣ ኮርስ ጨርሶ ፕሮፖዛል ላይ የተንጠለጠለ፣ ዳታ እየሰበሰበ ያለ፣ ለዲፌንስ፣ ማለት ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ለመከላከል የተቃረበ፣ ሥራ እየሠራ የሚማር፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ከሌላ አገር የመጣ፤ ከየዓይነቱ አንድ ሁለት ሰው ፈልጉ።

«ምን ዓይነት ዝግጅት ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ የሚመስለውን ይናገራል፤ «ስለ ጭንቀት ሥልጠና ቢኖር» ይላችኋል፤ ስታዘጋጁት አይመጣም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ባለፈው ሳምንት ሥራህ የቆመው መቼ ነው? ያን ጊዜ ምን አደረግህ? ለማን ነገርክ?» ሦስተኛዋ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። እኛ ስንጠይቅ ከአሥሩ ሰባቱ «ለማንም» አሉን። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ማዘጋጀት እንዳለብን መከራከር አላስፈለገንም።

የሚመቻቸውን ሰዓትም እዚያው ጠይቁ። ልጅ ያላቸው ከሥራ ሰዓት በኋላ አይመጡም። ሥራ ያላቸው ደግሞ በሥራ ሰዓት አይመጡም። አንድ ሰዓት ለሁሉም አይሆንም፤ ስለዚህ በወር ውስጥ አንዷን ቀን ወደ ሌላ ሰዓት ማዞር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ልካችሁን ወስኑ

በአንድ ሴሚስተር ሃያ ዝግጅት አቅዶ ስድስተኛው ላይ ከመበተን፣ ሦስት ነገር ይዞ መዝለቅ ይሻላል። እኔ የምመክረው ይሄን ነው፦ በየሳምንቱ አንድ የጽሑፍ ሰዓት፣ በየወሩ አንድ አካዴሚያዊ ወይም የጤና ዝግጅት፣ በሴሚስተሩ ሁለት ጊዜ ሰው ከመጽሐፍና ከኮምፒውተር ርቆ የሚገናኝበት ቀን። በቃ።

የሳምንቱን ዝግጅት ሰው ባይመጣም አትሰርዙ። ሁለት ሰው ከመጣ ሁለታችሁ ሥሩ። አንዴ የሰረዛችሁ ቀን፣ ስንት ጊዜ ከራሱ ጋር ተሟግቶ የመጣ ሰው የተዘጋ በር ያገኛል። ያ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ደረጃ 3፦ የጽሑፍ ሰዓት

ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይሄንን አትተዉት። ርካሽ ነው፣ ተናጋሪ አይፈልግም፤ ማኅበራዊውን፣ ጤናውንና አካዴሚያዊውን በአንድ ክፍል ያገናኛል። ሰው «ድጋፍ ፈልጌ መጣሁ» ማለት ያፍራል። «ልጽፍ መጣሁ» ለማለት ግን ማንም አያፍርም።

የሚያስፈልጋችሁ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሶኬት፣ ሁለት ኤክስቴንሽን፣ ለሁሉም የሚታይ ቆጣሪ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ። እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የመግቢያ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ዛሬ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። እዚህ ላይ አስተባባሪው መጠንቀቅ አለበት። «ምዕራፍ ሁለትን እጨርሳለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በለሰለሰ ቃል ወደ ትንሽ ነገር አውርዱት፦ «ከምዕራፍ ሁለት ዛሬ የትኛዋን ክፍል?» «የዘዴውን ክፍል፣ ስለ ናሙና አመራረጥ ሁለት አንቀጽ» እስኪል ድረስ። በሁለት ሰዓት የማይፈጸም እቅድ ይዞ የተቀመጠ ሰው ተሸንፎ ነው የሚወጣው። ሁለት አንቀጽ ያለ ግን ሦስት ጽፎ ይወጣል።

ከዚያ ሥራ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት የሚለው ዘዴ ነው። ፖሞዶሮ ይባላል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራች የወጥ ቤት ሰዓት ይዞ ነው የጀመረው፤ ፖሞዶሮ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። ለንባብ፣ ለኢሜይል፣ የማጣቀሻ ዝርዝር ለማስተካከል 25 ደቂቃ ደግ ነው። ለጽሑፍ ግን ያጥራል ባይ ነኝ። ሐሳቡ ገና መፍሰስ ሲጀምር ሰዓቱ ይጮኻል። እኛ 45 በ10 አድርገን ሞከርነው፣ ተመቸን፤ እሱን ያዝን። ሁለት ዙር 45 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት የ25 ደቂቃ ዙር፣ በየመሐሉ 10 ደቂቃ። እናንተም ሁለቱንም ሞክሩና ሰዉን ጠይቁ።

በእረፍቱ ከወንበር መነሳት ግዴታ ይሁን። ተቀምጦ ስልክ ላይ የሚያርፍ ሰው አያርፍም። ደግሞም ወሬው የሚጀመረው ቆመው ውሃ ሲቀዱ፣ መስኮት ሲከፍቱ ነው። «አንተም በዚያ ሶፍትዌር ነው የምትሠራው?» ትላለች አንዷ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አብረው ተቀምጠው ታያላችሁ።

የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ደግሞ የመዝጊያ ነው። ያሰበውን የጨረሰ፣ ያልጨረሰ፣ ምንም ያልጻፈ፣ ሁሉም አንድ ቃል ይናገራል። «ዛሬ አልሄደልኝም» ማለት የሚቻልበት ክፍል መሆኑ መታየት አለበት። ስለዚህ አስተባባሪው ራሱ ያልሄደለት ቀን ቀድሞ ይናገር።

ሦስት ሕግ ብቻ አውጡ። በሥራ ዙር ወሬ የለም። የሌላ ሰው ስክሪን አይታይም። ማንንም «ቴሲስህ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ የለም። ሦስተኛውን በትልቁ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። በምትኩ «ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» እንባባላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ የዓመታት ሂሳብ ያስቆጥራል፤ ሁለተኛው የዛሬን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ተጠንቀቁባቸው

ይሄ ለማንኛውም ዝግጅት ይሠራል። ብቻውን የመጣ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው፣ ተዋውቀው የጨረሱ ሰዎች ክብ ሠርተው ሲሳሳቁ ከሆነ፣ ስልኩን አውጥቶ የተጠራ መስሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ሰው በር ላይ ብቻ ይመደብ። ሥራው ስም መጠየቅ፣ የራሱን መናገር፣ የመጣውን ሰው ከሌላ አንድ ሰው ጋር ማገናኘት ነው። «ይሄ እገሌ ነው፣ እሱም ዘንድሮ ነው የጀመረው» ብሎ ሁለት ደቂቃ አብሯቸው ይቆማል፤ ከዚያ ወደ በሩ ይመለሳል። የስም ወረቀት ላይ ስምና አንድ ቃል ይጻፍ፤ ዲፓርትመንትና ዓመት አይጻፍ። ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ሰው ዓመቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ መዞር አይፈልግም። አንዷ ቃል ደስ የሚለው ነገር ትሁን፦ ዋና፣ ሥዕል፣ እንቅልፍ፣ የፈለገው።

ለዓይን አፋሮች ሥራ ስጧቸው። ወንበር የሚደረድር፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ሻይ የሚቀዳ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው የት ልቁም ብሎ አይጨነቅም። በር አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ሰዓት ያዥ ሆነ። «አምስት ደቂቃ ቀረ» የሚለው ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።

ደረጃ 5፦ አካዴሚያዊ ዝግጅት፣ በተግባር

የወሩ ዝግጅት ንግግር ብቻ እንዳይሆን። ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር ይኑር፦ የተጻፈ ገጽ፣ የተስተካከለ ፋይል፣ የተላከ ኢሜይል። እኛ ዘንድ የሠሩትን አራቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው የሙከራ ዲፌንስ ነው። ከእውነተኛው ቀን ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቀደም ብሎ ይደረግ፤ ዋዜማው ላይ ከሆነ ማስተካከያ ጊዜ የለም፣ ማስደንገጥ ብቻ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ገለጻ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጥያቄ። ሦስት ሰው መድቡ። አንዱ ከሙያው ይሁን። ሁለተኛው ከሌላ ዘርፍ ይሁን፤ ጥያቄው «ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» ዓይነት ነው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ሦስተኛው አይጠይቅም። የተጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ቃል በቃል ይጽፋል፣ የትኛው ስላይድ ላይ እንደተጠየቀም ይመዘግባል። አቅራቢዋ እየመለሰች መጻፍ አትችልም፤ ከክፍሉ ስትወጣ ግን የጥያቄዎቹ ዝርዝር እጇ ላይ መሆን አለበት። ከዚህ ሌላ «አላውቅም» ማለትን አለማምዷት። «ይሄን በዚህ ጥናት አልመለስኩትም። ለመመለስ የተከታታይ ዓመታት ዳታ ያስፈልግ ነበር» የሚል መልስ ሙሉ መልስ ነው። ሰው ይሄንን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ካለው በኋላ ትከሻው ሲወርድ ይታያል።

ሁለተኛው የሦስት ደቂቃ ገለጻ ነው። ተማሪዎች ጥናታቸውን በሦስት ደቂቃ የሚያቀርቡበት ውድድር አለ፤ የተጀመረው በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በወቅቱ አካባቢው በድርቅ ተመቶ ነበር፤ ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ ውሃ እንዳያባክኑ የሦስት ደቂቃ ሰዓት መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሦስት ደቂቃ፣ የማይንቀሳቀስ አንድ ስላይድ፣ ለማንም የሚገባ ቋንቋ። እናንተ ውድድር ማድረግ የለባችሁም። ሽልማቱን ትታችሁ ሰዓቱን ብቻ ውሰዱ። ስድስት ሰው ቢያቀርብ፣ አድማጩ ከእያንዳንዱ ገለጻ በኋላ የገባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለአቅራቢው ይስጥ። አቅራቢው ሊል የፈለገውና የተጻፈለት ምን ያህል እንደሚራራቁ ማየት ከየትኛውም ኮሜንት በላይ ያስተምራል።

ሦስተኛው የማጣቀሻ ሶፍትዌር ልምምድ ነው። ዞተሮ የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ከሱ ጀምሩ። ሰው የራሱን ላፕቶፕና የራሱን ፋይሎች ይዞ ይምጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሃያ ጽሑፎችን አስገብቶ፣ በረቂቁ ላይ አምስት ማጣቀሻ ጠርቶ ይሂድ። ትምህርቱ ይሄው ነው፤ ስላይድ አያስፈልገውም።

አራተኛው ከአማካሪ ጋር እንዴት እንገናኝ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሰው ሞልቶ አያውቅም ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ከሚመጡት ብዙዎቹ የባሰባቸው ናቸው። አማካሪው ለወራት ያልመለሰለት ተማሪ ራሱን ነው የሚወቅሰው። በዝግጅቱ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ገጽ ይጽፋል። አራት ነገር ብቻ ይኖራታል፦ ካለፈው ስብሰባ ወዲህ የሠራሁት፣ የቆምኩበት፣ ከእርስዎ የምፈልገው ውሳኔ፣ ቀጥዬ የምሠራውና ቀኑ። ሦስተኛዋ መስመር ዋናዋ ናት። «አስተያየትዎን እጠብቃለሁ» ተብሎ የተላከ ኢሜይል ሌሎች መቶ ኢሜይሎች ሥር ይቀበራል። «ናሙናውን ከሁለት ወረዳ ልውሰድ ወይስ ከሦስት? እስከ ዓርብ ካልነገሩኝ በሁለቱ እቀጥላለሁ» የሚል ግን መልስ ያገኛል፤ ባያገኝም ሥራው አይቆምም። ኢሜይሉን እዚያው ጽፈው፣ ጎረቤታቸው አንብቦላቸው፣ ከክፍሉ ሳይወጡ ይላኩት። ከስብሰባው በኋላ የተወሰነውን በዚያው ቀን ጽፎ መላክም ልማድ ይሁን። አማካሪም ሰው ነው፣ ይረሳል።

ደረጃ 6፦ የጤና ዝግጅት

መጀመሪያ ወሰናችሁን እወቁ። እናንተ ሐኪም አይደላችሁም። የእናንተ ሥራ በሩን ማሳየትና እስከ በሩ አብሮ መሄድ ነው።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አንዷን ወይም አንዱን ጋብዙ፤ ግን ስለ ጭንቀት ንድፈ ሐሳብ እንዲያስተምሩ አይደለም። እነዚህን ጥያቄዎች ቀድማችሁ ስጧቸው፦ ቀጠሮ እንዴት ይያዛል? ስንት ቀን ይጠበቃል? መጀመሪያ ቀን ምን ይጠየቃል? የነገርኩት ነገር ዲፓርትመንቱ ጆሮ ይደርሳል ወይ? ሚስጥሩ የማይጠበቅበት ሁኔታስ የትኛው ነው? ተማሪውን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ጥያቄ ነው። መልሱን ከባለሙያው አፍ ይስማ። ቢቻል ባለሙያዋ በጽሑፍ ሰዓት መጥታ አንድ ዙር ብትቀመጥ ጥሩ ነው። ፊቷን ያየ ሰው ቢሮዋን ማንኳኳት ይቀለዋል።

«እኔ እዚህ የገባሁት በስህተት ነው፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» የሚለው ስሜትም በግልጽ ይነሳ። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ስለዚህ ጽፈዋል፤ ያጠኑትም በሥራቸው አንቱ የተባሉ ሴቶችን ነበር። ለዚህ ዝግጅት ከሁሉ የሚጠቅመው ጎበዝ የሚባል ሰው ነው። ውድቅ የተደረገበትን ጽሑፍ፣ የወደቀበትን ፈተና፣ የተወውን ርእስ ይዞ መጥቶ ይንገራቸው። አንድ መምህር ውድቅ የተደረጉባቸውን የጽሑፍ ደብዳቤዎች አትመው አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲደረድሩ ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንዳለ አልረሳውም። የምናደንቃቸው ሰው ነበሩ።

ሰውን ግን እንዲናገር አታስገድዱ። ክብ ሠርቶ «ሁላችሁም የሚያስጨንቃችሁን ተናገሩ» ማለት ለአንዳንዱ ሰው ቅጣት ነው። ማለፍ እንደሚቻል ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ ያለፈውንም ሰው ዞራችሁ አትዩት።

እንቅስቃሴ ካሰባችሁ እግር ጉዞ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ያ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ከጽሑፍ ሰዓት በኋላ አብራችሁ ውጡ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይነገር ነገር ይነገራል። መራመድ የማይችል ተማሪ ካለ ግን መንገዱንና ፍጥነቱን በእሱ ልክ አድርጉት፤ እሱን ትታችሁ አትውጡ።

አሁን ከባዱ። አንድ ቀን አንድ ሰው መኖር እንደማይፈልግ ሊነግራችሁ ይችላል። ዝግጅት ከመጀመራችሁ በፊት ያን ቀን ምን እንደምታደርጉ ተነጋገሩ። «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይሄንኑ ይላል። ጠይቁት፣ አዳምጡት፣ አትምከሩት። ብቻውን አትተዉት። ወደ ባለሙያ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል አብራችሁት ሂዱ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የአካባቢያችሁን የድንገተኛ ስልክ ቁጥሮች አትማችሁ ሁሉም አስተባባሪ ኪስ ውስጥ ይኑር። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ አስተባባሪም ሰው ያስፈልገዋል፤ በማግስቱ ደውሉለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ተማሪዎቹ የሚጨነቁት ገንዘብ ስለዘገየ ወይም አማካሪ ስለጠፋ ከሆነ፣ የመዝናናት ሥልጠና ማዘጋጀት ያስቀይማል። «ችግሩ ያንተ ነው፣ በደንብ ተንፍስ» እንደማለት ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን የሰማችሁትን ያለ ስም ጽፋችሁ ለሚመለከተው ቢሮ ይዛችሁ ግቡ።

ደረጃ 7፦ የመገናኛ ቀን

ይሄ አጭር ነው። አንድ የጋራ ሥራ ይኑር፦ ጨዋታ፣ የእግር ጉዞ፣ አብሮ ማብሰል፣ መጽሐፍ መለዋወጥ። ቁጭ ብሎ «ተዋወቁ» መባል ማንንም አያስተዋውቅም። ልጅ ይዞ መምጣት እንደሚቻል ጥሪው ላይ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ወላጆች አይጠይቁም፣ ዝም ብለው ይቀራሉ። ዝግጅቱ መጠጥ ላይ ያተኮረ እንዳይሆን፤ በእምነትም በጤናም የማይጠጣው ሰው ብዙ ነው። የሚቀመስ ነገር ካለ ምን ምን እንዳለበት ይጻፍ። የሚያልቅበት ሰዓት ይነገር፤ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ለመግባት አይፈራም።

ደረጃ 8፦ ጥሪና ገንዘብ

ፖስተር አንድ ሰው ያመጣል፤ ሰው ሰው ያመጣል። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለማስታወስ እንጂ ለመጋበዝ አይሆንም። እያንዳንዱ አስተባባሪ በሳምንት ለሁለት ሰው በግል ይጻፍ። የእኛ መልእክት ይሄን ትመስል ነበር፦ «ሰላም፣ ማክሰኞ 8 ሰዓት ላይ ክፍል 12 ተቀምጠን እንጽፋለን። ማንም ምንም አይጠይቅም። አርፍዶ መምጣትም ቀድሞ መውጣትም ይቻላል። እኔ እኖራለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት።

ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ክፍል፣ ወረቀት፣ ትኩስ ነገር። ዲፓርትመንቱን ስትጠይቁ ለትልቅ አንድ ቀን ሳይሆን ለሴሚስተሩ በሙሉ ትንሽ በትንሽ ጠይቁ። የወጣውን ሁሉ በዚያው ቀን መዝግቡ፣ ደረሰኙን ያዙ። ክፍሉን ደግሞ የሴሚስተሩን ቀናት በሙሉ ባንዴ አስመዝግቡ። በየሳምንቱ ለማስፈቀድ ላይ ታች ማለት የስንቱን አስተባባሪ ወኔ ሰለበው።

ደረጃ 9፦ መመዘን

የመጣውን ሰው ቁጥር ለሪፖርት ትጽፋላችሁ፤ ይጻፍ። ለራሳችሁ ግን ሌላ ቁጥር ያዙ፦ ከመጡት ስንቱ ሁለተኛ ጊዜ መጣ? ሃምሳ ሰው መጥቶ ሁለት ከተመለሰ፣ ዝግጅቱ ጥሩ አዳራሽ ነበረው ማለት ነው። ስምንት መጥቶ ስድስት ከተመለሰ ግን ያገኛችሁት ነገር አለ፣ ያዙት።

በሴሚስተሩ መሐል ስም የማይጻፍባት ትንሽ ወረቀት በትኑ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «እዚህ መምጣትህ ምን ለወጠ?» እና «ልትቀር ያሰብክበት ቀን ካለ ለምን ነበር?» አንድ ጊዜ በዚህ ወረቀት ላይ «ክፍሉ ከአማካሪዬ ቢሮ ፊት ለፊት ነው» ተብሎ ተጽፎ አገኘን። በማግስቱ ክፍል ቀየርን። ለወራት ዓይናችን ሥር ነበር፤ ማንም አላሰበውም።

መጥቶ የቀረ ሰው ካለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መልእክት ላኩለት። «ለምን ቀረህ?» አይባልም። «ማክሰኞ ወንበርህ አለ» ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ከመመረቃችሁ በፊት አስረክቡ

እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች የሚሞቱት አዘጋጁ ሲመረቅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት አስተባባሪ ይኑር፤ አንዱ ቀደም ብሎ የገባ፣ አንዷ ገና ሁለት ዓመት የሚቀራት። በየሴሚስተሩ ከአራት ሳምንት አንዱን አዲሷ ብቻዋን ትምራ፤ ነባሩ እንደማንኛውም ተማሪ ተቀምጦ ይጻፍ።

አንድ ደብተር ያዙ፤ ወይም ሁሉም የሚከፍተው ፋይል። ክፍል የሚያስመዘግበው ቢሮ የትኛው እንደሆነ፣ ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ፣ የትኛው ሶኬት እንደማይሠራ፣ የትኛው ባለሙያ ሲጋበዝ እሺ እንደሚል፣ ፈተና ሰሞን ስንት ሰው እንደሚመጣ ይጻፍበት። የተማሪዎች የግል ጉዳይ ግን አይጻፍበትም፤ የነገሯችሁ ለእናንተ ነው።

እኔ ስወጣ ደብተሩን የወሰደው ያ በር አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሱን ማስታወሻ ጨምሮበት አየሁ፦ «በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ትተው፤ አርፍዶ የሚመጣ አለ።»